መሪዋ የት ነበረች?

«በቃ። ሁላችሁም አቁሙ።»

አሠልጣኙ ዶክተር ማርዋን ይህን ሲል አዛለች ምትኩ ገና ለመለማመጃ ከተጋደመው የላስቲክ ሰውዬ ደረት ላይ አልተነሳችም ነበር። አንድ እጇ ደረቱ ላይ ነው። ሌላው እጇ ከሰው የነጠቀችውን አምቡ፣ ያን በሽተኛ አፍ ላይ ገጥመው አየር የሚነፉበትን ፊኛ፣ ጨብጧል። ላቡ ከግንባሯ ወርዶ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሸሚዟ ኪስ ደግሞ የመርፌ መጠቅለያ ወረቀት ብቅ ብሏል፤ መቼ ከወለሉ አንስታ እንደከተተችው ራሷም አታውቅም።

«አቡ ዑመር ሞተ» አለ ዶክተሩ። አቡ ዑመር ሠልጣኞቹ ለላስቲኩ ሰውዬ ያወጡለት ስም ነው። «የሞተው ከሁለት ደቂቃ በፊት ነው። ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ሲለወጥ ያየ አለ?»

አልጋውን የከበቡት ሠልጣኞች እርስ በርስ ተያዩ። 

«የዚህ ቡድን መሪ ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለች አዛለች።

«መሪዋ የት ነበረች?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ዶክተር።»

«አልነበርሽም። መጀመሪያ ደረት ስትጫኚ ነበር። ከዚያ አየር ስትነፊ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ወረቀት ስትለቅሚ ነበር። አራት ሰው እጁን አጣጥፎ አንቺን ያያል። ይህ ሰው የሞተው መሪ አጥቶ ነው።»

ዶክተር ማርዋን ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን ነው የተናገረው፤ እውነት ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ሰው ቃል ይልቅ ያማል።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አዛለች የዱራሜ ልጅ ናት፤ ትምህርቷም ነርስነት ነው። ዲፕሎማዋ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ከሻንጣዋ ግርጌ ተኝቶ ነበር። እሷ ዘጠኙን ዓመት የኖረችው አረብ አገር፣ አማን ከተማ ውስጥ፣ ዳቡቅ በሚባለው የባለጠጎች ሰፈር፣ በማዳም ሉብና ቤት ሠራተኛ ሆና ነው። በዚያ ቤት ሥራ ማለት ያየ ይሥራው ማለት ነው፤ የምታየውም እሷ ብቻ ናት። የወደቀ ካየች ታነሳለች። የፈሰሰ ካየች ትወለውላለች። «አንተ ይህን አድርግ፣ አንቺ ያን ያዢ» የምትለው ከእሷ በታች ያለ ፍጡር በቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ድመቷ እንኳ ከእሷ በላይ ናት። አፏ የለመደው አንድ ቃል ነው፤ «ሃድር»። እሺ፣ ዝግጁ ነኝ እንደ ማለት ነው።

ኡም ሱማቅ በሚባለው ሌላ የአማን ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ የሚሰጠው ይህ ሥልጠና ደግሞ ልቡ ቆሞ የወደቀን ሰው ሐኪምና ነርስ ተረባርበው የሚመልሱበት ነው። ደረት መጫን ብቻ አይደለም። የልብን መስመር አንብቦ በኤሌክትሪክ መምታት፣ መድኃኒቱን በደቂቃ ቆጥሮ መስጠት፣ ልቡን ያቆመው ምን እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት አለበት። አዛለች ወፍራሙን መጽሐፍ ከልብስ መተኮሻው አጠገብ ዘርግታ፣ አንድ ሸሚዝ በተኮሰች ቁጥር አንድ ገጽ እየገለጠች ሁለት ወር አጥንታዋለች። የጽሑፉን ፈተና ከሃያ ሁለት ሠልጣኞች ሦስተኛ ሆና አለፈች። የቀረው መሪ የመሆን ፈተና ብቻ ነበር። መሪ ከአልጋው ግርጌ ይቆማል፤ እጁን አያስገባም። ዓይኑ ሁሉንም ያያል፣ አፉ ያዝዛል። ወገኖቼ፣ ለአንድ ዶክተር ይህ ቀላል ነው። እሷ ግን ሥራ እያየች እጇን ሰብስባ መቆምን ከየት ታምጣው?

መውደቁ ደግሞ የሚያመጣው ነገር አለ። አብሯት የተማረው ፀጋአብ ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ የግል ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ ነው። ባለፈው ወር በድምፅ መልእክት «አዛሉ፣ አንድ የነርስ ቦታ አለኝ። ያንን ሰርተፊኬት ይዘሽ ነይ እንጂ ያንቺ ነው። ከወሩ መጨረሻ በላይ ግን ልይዝልሽ አልችልም» ብሏታል። የሚቀጥለው ሥልጠና ከሦስት ወር በኋላ ነው። በማዳም ሉብና ቤት ደግሞ መክተብ የሚሉት ሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ያዘጋጀው የሁለት ዓመት አዲስ ውል ፊርማዋን ይጠብቃል። ካለፈች ሐዋሳ፣ ነርስ። ከወደቀች ዳቡቅ፣ ሁለት ዓመት።

ዶክተር ማርዋን ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ጥግ ጠራት።

«ስሚኝ፣ እህቴ። እጅሽ ጥሩ ነው። ደረት አጫጫንሽ ከሁሉም ይበልጣል። የተሳትፎ ወረቀት ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ ማኅተም አለው፣ ያምራል። ለአንቺ ሥራ ይበቃል።»

«የእኔ ሥራ ምንድን ነው፣ ዶክተር?»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«የተመዘገብኩት በነርስነት ዲፕሎማዬ ነው» አለች አዛለች። «የወደቀ ሰው በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ይፈተናል ይላል ደንቡ። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አለ። ላምጣው?»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። ግን ደግመሽ ከወደቅሽ የተሳትፎውንም ወረቀት አታገኚም። ባዶ እጅሽን ነው የምትሄጂው።»

«ባዶ እጄን ልሂድ።»

ዶክተር ዘይድ፣ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ቀጭን ወጣት፣ ወንበር ላይ ተለጥጦ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። አምቡውን የነጠቀችው ከእሱ እጅ ነው፤ እስካሁን አልበረደለትም።

«ተዋት እንጂ ዶክተር፣ ትፈተን» አለ። «በሽተኛው ሲነቃ ሻይ የሚያፈላለት ሰው ያስፈልጋል።»

ሁለት ሰዎች ሳቁ።

«ይንቃልኝ እንጂ ሻይ ብቻ አይደለም፣ የድግስ ምግባችሁን መንሰፍን እሠራለታለሁ» አለች አዛለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ባለፈው ጁምዓ ልምምድ ላይ በእርስዎ እጅ ግን አልነቃም።»

አሁን የሳቁት ከሁለት በላይ ናቸው። አይሻ የምትባለው ከዛርቃ የመጣች ነርስ የሂጃቧን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ተንፈቀፈቀች። የዘይድ ጆሮ ቀላ።

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» አለ ዶክተር ማርዋን። «ከዶክተር ዘይድ በፊት ትገቢያለሽ።»

«ሃድር» አለች አዛለች፤ ቃሉ ከአፏ መውጣቱ ደግሞ ወዲያው አናደዳት። ማዳም ሉብና የፈቀደችላትም እስከ አስር ሰዓት ድረስ ብቻ ነበር። እሱን በኋላ አስበዋለሁ ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አለ። እዚያ ሩሐማ ትጠብቃታለች። ሩሐማ የማሠልጠኛው ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከሶዶ የመጣች፣ ምላሷ ስለት የሆነ ልጅ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው ይዘምራሉ። «አንቺ ነርስ ነኝ ስትዪ አልነበር? የተማርሽውን ነገር እኔ በምወለውልበት ፎቅ ያስተምራሉ» ብላ ስለ ሥልጠናው የነገረቻት እሷ ናት።

«ጣለሽ?» አለች ሩሐማ፣ በሩን በእግሯ እየዘጋች።

«ጣለኝ።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ሁሉንም ሠራሁ።»

«ሁሉንም ሠርተሽ ነው የወደቅሽ? እኔ ደግሞ ሰው የሚወድቀው ሳይሠራ ሲቀር ይመስለኛል።»

«መሪ አይሠራም። ቆሞ ያዝዛል።»

ሩሐማ በመወልወያዋ እንጨት ተደገፈች። «ታዲያ ይሄ ከማዳምነት በምን ይለያል?»

አዛለች ሳትወድ ሳቀች። ሩሐማ ባልዲውን ገልብጣ መካከላቸው አስቀመጠችው።

«ይሄ በሽተኛው ነው። እኔ ዶክተር ነኝ። እዘዢኝ።»

«ሩሑዬ፣ ካላስቸገርኩሽ እስቲ ደረቱን...»

«ሰውየው ሞቷል እኮ። ይቅርታ ትጠይቂያለሽ እንዴ?»

«እሺ። ደረቱን ትጫኚልኛለሽ?»

«አልጫንም። ወገቤን አሞኛል።»

አዛለች ወዲያው ጎንበስ አለች። እጇ ባልዲው ላይ ከማረፉ በፊት ሩሐማ በመወልወያው እንጨት ክንዷን ቸብ አደረገቻት።

«ይኸው። እምቢ ሲሉሽ አንቺው ትሠሪዋለሽ። እነሱ ደግሞ ይህንን ያውቃሉ። እጅሽን ወደ ኋላ።»

«ምን ላድርግ፣ ሰውነቴ ቀድሞኝ ይሄዳል።»

«እንደ ማዳምሽ ሁኚና ሞክሪ።»

አዛለች አገጯን ቀና፣ ዓይኗን ግማሽ ከደን አድርጋ «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ስንቴ ልንገርሽ» አለች። ልክ ማዳም ሉብናን መሰለች። ሁለቱም ግን አልሳቁም። 

«ይሄስ ይቅር» አለች ሩሐማ፣ ዝግ ብላ። «የሚያዝ እንጂ የሚያዋርድ አላልኩም። ዱራሜ ሳለሽ ማንንም አዘሽ አታውቂም?»

አዛለች ግድግዳውን ተደገፈች። አዝዛ ታውቃለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ስምንት ወንዶች ያኔ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ገቡ፤ ከራስ እስከ እግር ጭቃ ለብሰዋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ። እሷ በሩ ላይ ቆማ «አንተ ከራስጌ ያዝ። አንተ ከግርጌ። ሌሎቻችሁ ወደ ውጭ» አለቻቸው። ስምንቱም ጸጥ ብለው እንዳለቻቸው አደረጉ። እባካችሁ አላለችም። አልተቆጣችምም። ጊዜ ስላልነበረ እንዲያ ተናገረች፣ አለቀ።

ይህንኑ ለሩሐማ ነገረቻት።

«ያቺ አዛዥ ልጅ ታዲያ የት ሄደች?»

«ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቴን ሲቀበሉኝ አብረው የወሰዷት ይመስለኛል።»

«ፓስፖርትሽ አልተመለሰልሽም?»

«አምና ተመልሶልኛል።»

«እንግዲያ እሷንም ጠይቂያቸው» አለች ሩሐማ፣ ባልዲውን እያቃናች። «ሂጂ። እኔም የምወለውለው አለብኝ።»

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አዛለች ከአልጋው ግርጌ ቆመች። ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ ወስዳ፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ከአንጓው ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከአልጋው በስተቀኝ አይሻ፣ በስተግራ ዘይድ፣ ከራስጌና ከመድኃኒቱ ጠረጴዛ አጠገብ ሌሎች ሁለት ሠልጣኞች አሉ።

ዶክተር ማርዋን ከወረቀት ላይ አነበበ። «ስልሳ ዓመት የሆነው ሰው። ደረቴን ብሎ መጣ። አሁን ፊትሽ ወደቀ። አይናገርም፤ አይተነፍስም።»

«አይሻ፣ የአንገቱን ምት እዪ።»

«ምት የለም።»

«ዶክተር ዘይድ፣ ደረት ላይ ግባ።»

ዘይድ አልተንቀሳቀሰም። እስክሪብቶውን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ «እኔ ጽሑፉን ብይዝ ይሻላል» አለ።

ይህች ቅጽበት ከሁለት ሰከንድ አትበልጥም ነበር። ግን የዘጠኝ ዓመቱ ልማድ ሁሉ መጥቶ በክንዷ ላይ ተሰበሰበ። ትከሻዋ ወደፊት ሄደ። አንድ እግሯ ግማሽ እርምጃ ተራመደ። የግራ እጇ ግን ቀኙን አልለቀቀም።

«ደረት ላይ ነህ፣ ዶክተር ዘይድ» አለች። «ሰውየው እየሞተ ነው። ጀምር።»

ድምፅዋ አልከረረም፤ አልለሰለሰምም። ዘይድ እስክሪብቶውን ጥሎ ጀመረ።

«ጠለቅ አድርገህ። አሁንም ጠለቅ። እንደዚያ። አይሻ፣ ሞኒተሩን አገናኚ። አቁምና መስመሩን እንየው። ይንቀጠቀጣል፤ በኤሌክትሪክ የሚመታ ነው። ቻርጅ አድርጊ፤ ዘይድ መጫንህን ቀጥል። ሁላችሁም ራቁ። ምቺ። ወዲያው ወደ ደረት።»

ሁለት ደቂቃ አለፈ። ዘይድን በአይሻ ለወጠች፤ እሱን ወደ መሣሪያው ላከችው። ዳግመኛ ተመታ። «አድሬናሊን፣ አንድ ሚሊግራም» አለች፤ «አድሬናሊን አንድ ሚሊግራም ሰጥቻለሁ» የሚል ድምፅ መለሰላት። የመርፌው መጠቅለያ ወለሉ ላይ ወደቀ። አየችው። እዚያው ተወችው።

ከዚያ መስመሩ ቀጥ አለ።

ዶክተር ማርዋን ይህን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና አልጋው ድረስ መጣ። «እኔ የልብ ስፔሻሊስቱ ነኝ፤ አሁን መግባቴ ነው» አለ በሌላ ድምፅ። «ምን ታያላችሁ? ልቡ ቆሟል። ምቱት።»

ሁሉም ሰው ደነገጠ። ፈተና መሆኑን ቢያውቁም ድምፁ የአለቃ ድምፅ ነው። የዘይድ ጣት ወደ መሣሪያው ቁልፍ ሄደ።

«ላእ» አለች አዛለች። አይሆንም ማለቷ ነው። «ዘይድ፣ እጅህን አንሳ። ገመዶቹ በትክክል መያዛቸውን እይልኝ።»

«ይዘዋል።»

«መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ መስመር በኤሌክትሪክ አይመታም። አይሻ፣ እንዳታቆሚ።»

ዶክተር ማርዋን ጠጋ ብሎ ጮኸባት። ትንፋሹ ይሰማታል። «ሃያ ዓመት የሠራሁ ሐኪም ነኝ። አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትከለክዪኝ?»

ከኋላዋ የተያዘው እጇ ደም ሸሽቶት ቀዝቅዟል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚህ አገር ስንት ጊዜ ሰምታለች። ስንት ጊዜስ ዓይኗን ወደ ወለል ጥላ አልፋዋለች። ዛሬ ዓይኗ ሞኒተሩ ላይ ነበር፤ ከዚያ ሊነሳ አልቻለም።

«የዚህ ቡድን መሪ ነኝ» አለች። «ሊረዱኝ ከመጡ፣ ዶክተር፣ ወጥተው ቤተሰቡን ይጠይቁልኝ። ከመውደቁ በፊት ምን በሽታ ነበረበት?»

አይሻ ደረቱን እየተጫነች ቀና ብላ አየቻት። ዶክተር ማርዋን ወረቀቱን ገለጠ።

«ኩላሊቱ ደክሟል» አለ። «የኩላሊት እጥበት ነበረው። ሁለት ቀጠሮ አሳልፏል።»

«እንግዲያ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም በዝቶ ነው ልቡን ያቆመው። ካልሲየም ስጡት። የአድሬናሊኑም ደቂቃ ደርሷል፤ ድገሙ። ዘይድ፣ አይሻ ደክማለች፤ ለውጣት።»

ዘይድ ወዲያው ገባ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ በአዳራሹ ውስጥ የላስቲኩ ደረት ሲንቋቋና ሲመለስ፣ ዘይድም ሲያለከልክ ብቻ ይሰማ ነበር።

«አቁም። አይሻ፣ ምቱን እዪ።»

ዶክተር ማርዋን ሞኒተሩን የሚያዝበትን ሪሞት ነካ። አረንጓዴው መስመር አንዴ ዘለለ። ሌላ ዘለለ።

«አለ» አለች አይሻ። «ምት አለ።»

ዶክተሩ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ወረቀቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ጻፈ።

«አልፈሻል» አለ። «ለምን እንደጮህኩብሽ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። የጮኸ ሰው ሁሉ ልክ እንዳይመስለኝ ነው።»

ዶክተሩ ሳቅ አለ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እጆቿን ማላቀቅ አቅቷት ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ስትፈታቸው የእጅ አንጓዋ ላይ አራት ቀያይ መስመሮች ቀርተዋል።

አስር ሰዓት አልፎ ነበር። ከራስጌ የቆመው ሠልጣኝ ፈተናውን ቀድሞ ስለጨረሰ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ፤ በጁምዓ ከሰዓት ማን ይቆያል? አሁን የዘይድ ተራ ነው። ከአይሻና ከመድኃኒት አቀባዩ በቀር ሰው አልቀረም፤ እሱም ከሌላ ቡድን ተለምኖ የመጣ ነው።

«ከመሪው ሌላ ሦስት ሰው ካልሞላ አልፈትንም» አለ ዶክተር ማርዋን ሰዓቱን እያየ። «ካልሆነ ከሦስት ወር በኋላ።»

በዚህ መካከል የአዛለች ስልክ ጮኸ። ወደ በሩ ሄዳ አነሳችው። ማዳም ሉብና ናት።

«የት ነሽ አንቺ? እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው። የመክተቡ ሰውዬም ውሉን ሊያስፈርምሽ መጥቶ ተቀምጧል። አሁኑኑ ታክሲ ያዢና ነዪ።»

አዛለች ዞር ብላ አዳራሹን አየች። ዘይድ ከአልጋው ግርጌ ቆሟል። እጆቹን አንዴ ጋዋኑ ኪስ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። ወደ እሷ እያየ አልነበረም፤ ሊለምናት አፍ እንደሌለው ያውቃል። ብትሄድ የሚፈርድባት አልነበረም። እሷም ይህንን አሰበች፤ አላሰበችም አልላችሁም።

«ማዳም፣ የመክተቡን ሰውዬ ያሰናብቱት፤ ውሉን አልፈርምም» አለች። «እኔም ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ፈተና ላይ ነው፤ ሰው ጎድሎበታል።»

«የምን ባልደረባ ነው የምታወሪው?»

«ዶክተር ነው። ስመጣ እነግርዎታለሁ።»

ስልኩን አጠፋችው። እጅጌዋን ጠቅልላ ከአቡ ዑመር ደረት አጠገብ ገብታ ቆመች፤ መዳፎቿን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ አዘጋጀች።

«ያላ ዶክተር» አለችው ዘይድን። «እዘዝ።»